የሆድ ድርቀት፦ መንሥኤው፣ በቤት ውስጥ የሚደረግ መፍትሔና ሐኪም የሚያስፈልግበት ጊዜ

የሆድ ድርቀት በየቤቱ ያለ፣ ነገር ግን በግልጽ የማይነገር የጤና እክል ነው። ራሱን ያመመው ወይም ጨጓራው የነደደው ሰው ችግሩን ለወዳጅ ለጎረቤት ያዋያል፤ ሆዱ የደረቀበት ሰው ግን አፍሮ ዝም ይላል። ይህ ዝምታ ሁለት ጉዳት ያስከትላል። አንደኛው፣ በአመጋገብና በልማድ ለውጥ ሊስተካከል የሚችለው እክል ለወራት፣ አንዳንዴም ለዓመታት እንዲጎተት ያደርጋል። ሁለተኛውና የከፋው ደግሞ፣ ከድርቀቱ ጀርባ የተደበቀ ሌላ ሕመም ሳይታወቅ የሕክምናው ጊዜ እንዲያልፍ ያደርጋል።

በዚህ ጽሑፍ የሆድ ድርቀት ምን እንደሆነ፣ ለምን እንደሚከሰት፣ በቤት ውስጥ በምን መንገድ ማቅለል እንደሚቻል፣ የትኞቹ የባህል መድኃኒቶች ጥንቃቄ እንደሚሹ እና መቼ ሳይዘገዩ ወደ ጤና ተቋም መሄድ እንደሚገባ በቅደም ተከተል እንመለከታለን።

የሆድ ድርቀት ምንድን ነው?

ብዙ ሰው በየቀኑ ካልተጸዳዳ ሆዱ የደረቀ ይመስለዋል። ይህ ትክክል አይደለም። በሕክምናው መለኪያ ጤናማ ሰው በቀን እስከ 3 ጊዜ፣ ወይም በሳምንት 3 ጊዜ ብቻ ሊጸዳዳ ይችላል። ሁለቱም ጤናማ ናቸው። ዋናው ጉዳይ ሰውየው የለመደው ሥርዓት መለወጡና የመጸዳዳቱ አስቸጋሪነት ነው።

የሆድ ድርቀት አለ የሚባለው በሳምንት ከ3 ጊዜ በታች መጸዳዳት ሲኖር፣ ዓይነ ምድሩ ሲጠጥርና እንደ በጠጥ ሲቆራረጥ፣ ለመጸዳዳት ብዙ ማማጥ ሲያስፈልግ፣ ከተጸዳዱ በኋላም ያልወጣ ነገር እንደቀረ ሲሰማ፣ ወይም መውጫው ላይ የታገደ ነገር ያለ ሲመስል ነው። ከእነዚህ ምልክቶች ሁለቱና ከዚያ በላይ የሆኑት ቢያንስ ለ3 ወራት ሲደጋገሙ ድርቀቱ ሥር የሰደደ ይባላል። በጉዞ፣ በበዓል ወይም በሕመም ምክንያት ለጥቂት ቀናት ብቻ የሚከሰተው ግን ጊዜያዊ ነው፤ ምክንያቱ ሲወገድ አብሮ ይወገዳል።

የዓይነ ምድርን መልክ በመመልከት ሁኔታውን መገመት ይቻላል። በእንግሊዝ አገር በብሪስቶል ከተማ የተዘጋጀውና በመላው ዓለም ሐኪሞች የሚጠቀሙበት ሠንጠረዥ ዓይነ ምድርን በ7 ደረጃ ይከፍላል። እንደ በጠጥ የተነጣጠለው 1ኛ፣ ተያይዞ ግን ጎርበጥባጣና ጠጣር የሆነው 2ኛ ደረጃ ሲሆን፣ ሁለቱም የድርቀት ምልክት ናቸው። ለስላሳና ወጥ የሆኑት 3ኛውና 4ኛው ጤናማ ናቸው። ከዚያ በላይ ያሉት ደረጃዎች እየላሉ ሄደው 7ኛው ውኃ መሰል ተቅማጥ ይሆናል።

በሰውነት ውስጥ ምን ይከናወናል?

የበላነው ምግብ በጨጓራና በትንሹ አንጀት ከተፈጨ በኋላ፣ ጠቃሚው ክፍል ወደ ደም ይገባል። የቀረው ፈሳሽ መሰል ነገር ወደ ትልቁ አንጀት ይሸጋገራል። ትልቁ አንጀት በአዋቂ ሰው 1 ሜትር ተኩል ገደማ ርዝመት ያለው ሲሆን፣ ዋና ሥራው ውኃን መልሶ መምጠጥ ነው። የምንጠጣውና ሰውነታችን የሚያመነጨው የምግብ መፍጫ ፈሳሽ ተደምሮ በቀን ወደ 9 ሊትር ይደርሳል። ከዚህ ሁሉ ከዓይነ ምድር ጋር የሚወጣው ግን ከ200 ሚሊ ሊትር አይበልጥም፤ ሌላው ይመጠጣል።

እዚህ ላይ የድርቀት ምሥጢር ይገለጣል። ዓይነ ምድር በትልቁ አንጀት ውስጥ በዘገየ ቁጥር ውኃው ይመጠጣል፤ ውኃው በተመጠጠ ቁጥር ይጠጥራል፤ በጠጠረ ቁጥር ደግሞ ለማውጣት ይከብዳል። ማውጣት ሲያም ሰው ያዘገያል፤ ሲያዘገይም ይበልጥ ይደርቃል። ድርቀት ራሱን በራሱ የሚያባብስ አዙሪት የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

አንጀት በቀን ውስጥ ጥቂት ጊዜ በኃይል ይንቀሳቀሳል። ይህ እንቅስቃሴ በተለይ ጠዋት ከእንቅልፍ ሲነሡና ምግብ ሲበሉ ይበረታል። ቁርስ ከበሉ በኋላ ሆድ «የሚጠራው» ስለዚህ ነው። ይህን ጥሪ በተደጋጋሚ ችላ ማለት ስሜቱ እየደከመ እንዲሄድ ያደርጋል።

መንሥኤዎቹ

የመጀመሪያው የመንሥኤ ክፍል ከአኗኗር ጋር የተያያዘ ነው። አሰር (ፋይበር) የጎደለው ምግብ፣ በቂ ውኃ አለመጠጣት፣ ቀኑን ሙሉ መቀመጥ እና የመጸዳዳት ፍላጎትን አፍኖ መያዝ ይጠቀሳሉ። የመጨረሻው በከተሞቻችን ልዩ ትኩረት ይሻል። ቀኑን በገበያ የሚውሉ ሴቶች፣ ረጅም መንገድ የሚጓዙ ሹፌሮች፣ ንጹሕ መጸዳጃ ቤት በሌለበት ትምህርት ቤት የሚውሉ ተማሪዎች ፍላጎታቸውን እስከ ማታ ያፍናሉ። አንዳንዶቹም መጸዳጃ ላለመፈለግ ሲሉ ውኃ ከመጠጣት ይቆጠባሉ። ለእነዚህ ሰዎች የድርቀታቸው ምክንያት ምግባቸው ሳይሆን የመጸዳጃ ቤት እጦት ነው። በመሆኑም ንጹሕና በሩ የሚዘጋ መጸዳጃ ቤት ማሟላት የአካባቢ ጽዳት ጉዳይ ብቻ ሳይሆን የአንጀት ጤና ጉዳይም ነው።

ጫት ማዘውተርም የታወቀ የድርቀት ምክንያት ነው። በቅጠሉ ውስጥ ያለው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገርና የአንጀትን እንቅስቃሴ የሚያዘገየው አነቃቂ ቅመም ተባብረው ሆድን ያደርቃሉ። ጫት የምግብ ፍላጎትን ስለሚቀንስም የሚቅመው ሰው በቂ ምግብ ሳይበላ ይውላል።

ሁለተኛው ክፍል መድኃኒቶች ናቸው። ለደም ማነስ የሚሰጥ የብረት እንክብል፤ እንደ ትራማዶል፣ ኮዴይንና ሞርፊን ያሉ ጠንካራ የሕመም ማስታገሻዎች፤ አሉሚኒየም ወይም ካልሲየም ያለባቸው የጨጓራ ማስታገሻዎች፤ ለደም ግፊት የሚሰጠው ቬራፓሚል፤ ለድባቴና ለነርቭ ሕመም የሚሰጠው አሚትሪፕቲሊን እና አንዳንድ የአለርጂ መድኃኒቶች ሆድን ያደርቃሉ። ድርቀቱ አዲስ መድኃኒት ከተጀመረ በኋላ የመጣ ከሆነ ለሐኪሙ መንገር ይገባል። ይሁን እንጂ በሐኪም የታዘዘን መድኃኒት በራስ ውሳኔ ማቋረጥ አይገባም።

ሦስተኛው ክፍል ሌሎች ሕመሞች ናቸው። የታይሮይድ ሆርሞን ማነስ፣ የስኳር ሕመም፣ የፓርኪንሰን ሕመም፣ የሕብለ ሰረሰር ጉዳት፣ በደም ውስጥ የካልሲየም መብዛትና የትልቁ አንጀት ካንሰር በድርቀት መልክ ሊገለጡ ይችላሉ። በአንዳንድ ሰዎች ደግሞ አንጀቱ በተፈጥሮው ይዘገያል፤ በሌሎች ላይም ለመጸዳዳት ሲያምጡ መላላት የሚገባቸው የፊንጢጣ ጡንቻዎች በተቃራኒው ይኮማተራሉ። በእነዚህ ሰዎች ላይ የምግብ ለውጥ ብቻውን በቂ ላይሆን ይችላል።

ምግብ፦ ከማዕዳችን የሚገኝ መፍትሔ

አሰር ማለት አንጀታችን ሊፈጨው የማይችለው የእህል፣ የጥራጥሬ፣ የአትክልትና የፍራፍሬ ክፍል ነው። ውኃ ይዞ ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል፤ መጠኑን ጨምሮም አንጀት እንዲገፋው ያነቃቃል። የዓለም ጤና ድርጅት በ2023 እ.ኤ.አ. ባወጣው መመሪያ አዋቂዎችና ከ10 ዓመት በላይ የሆኑ ልጆች በቀን ቢያንስ 25 ግራም አሰር ከምግብ እንዲያገኙ ይመክራል። ከ2 እስከ 5 ዓመት ላሉ ሕፃናት 15 ግራም፣ ከ6 እስከ 9 ዓመት ላሉት ደግሞ 21 ግራም ይበቃል።

ይህን መጠን ከአገራችን ማዕድ ማግኘት አስቸጋሪ አይደለም። የጤፍ ፍሬ እጅግ ደቃቅ በመሆኑ ከነገለባው ይፈጫል፤ ስለዚህ አሰሩ አብሮ ይቀራል። ምስር፣ ሽሮ፣ ክክ፣ ባቄላ፣ ሽምብራ፣ ገብስ፣ ጎመንና ቆስጣ ሁሉ የአሰር ምንጮች ናቸው። ለምሳሌ አንድ ኩባያ የተቀቀለ ምስር ወደ 15 ግራም፣ ግማሽ አቮካዶ ወደ 6 ግራም፣ አንድ ዘይቱን ወደ 3 ግራም፣ አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ ወደ 2 ግራም አሰር ይሰጣሉ። ድምሩ እንጀራው ሳይቆጠር የቀኑን ድርሻ ይሞላል።

ችግሩ የሚመጣው ማዕዱ ሲለወጥ ነው። ከነጭ ዱቄት የሚሠራ ዳቦና ብስኩት፣ ፓስታ፣ ነጭ ሩዝ እና ሩዝ በብዛት ተቀላቅሎበት የሚጋገር እንጀራ አሰራቸው አነስተኛ ነው። ሥጋ፣ እንቁላል፣ ወተትና ቅቤ ደግሞ ጨርሶ አሰር የላቸውም። ከረጅም ጾም በኋላ በበዓል ሰሞን ከጥራጥሬና ከጎመን በድንገት ወደ ጥሬ ሥጋ፣ ወደ ዶሮ ወጥና ወደ ክትፎ የሚሸጋገር ሰው ሆዱ ቢደርቅበት አያስገርምም። በበዓል ማዕድ ላይ ጎመን፣ ሰላጣና ፍራፍሬ ማከል ይህን ያቃልላል።

አሰርን መጨመር በጥቂት በጥቂቱ መሆን አለበት። በአንድ ቀን ብዙ መጨመር ሆድን ይነፋል፤ ያስጮኻል። በሁለትና በሦስት ሳምንታት ውስጥ ቀስ በቀስ ማሳደግና ውኃውንም አብሮ መጨመር ይመከራል። ውኃ የሌለው አሰር ድርቀቱን ሊያብስ ይችላልና ቆሎ ወይም በሶ የሚበላ ሰው ውኃ ሊለየው አይገባም።

ተልባ በብዙ ቤት የሚታወቅ የድርቀት መፍትሔ ነው፤ እውነትም ይሠራል። ፍሬው ውኃ ሲነካው የሚያወጣው ልጋግ መሰል ነገር ዓይነ ምድርን ያለሰልሳል። አንድ የሾርባ ማንኪያ የተፈጨ ተልባ በአንድ ብርጭቆ ውኃ በጥብጦ መጠጣትና ሌላ ውኃ መከተል በቂ ነው። ውጤቱ በአንድ ቀን ሳይሆን በቀናት ውስጥ የሚታይ ነው። ተልባን በደረቁ መቃም ግን ጉሮሮንና አንጀትን ሊዘጋ ይችላል። የመድኃኒትን ወደ ደም መግባት ሊያዘገይ ስለሚችልም ከመድኃኒት ጋር ቢያንስ የ1 ሰዓት ልዩነት እንዲኖረው ይመከራል። የበሰለ ፓፓያ፣ ብርቱካን ከነአሰሩ፣ ማንጎ፣ ተምር እና በከተማ ሱቆች የሚገኘው የደረቀ ፕለም ሆድን ያለሰልሳሉ። በተለይ ፕለም ሶርቢቶል የተባለ ውኃን ወደ አንጀት የሚስብ የተፈጥሮ ስኳር ስላለው የታወቀ ነው።

ፍራፍሬ ሁሉ ግን ያለ ልክ አይበላም። በቁልቋል በለስ ወቅት ፍሬውን ከነዘሩ አብዝቶ መብላት ዘሩ በአንጀት መጨረሻ ተከማችቶ እንዲደርቅና መውጫውን እንዲዘጋ ሊያደርግ ይችላል፤ አንዳንዴም በሐኪም እጅ ካልሆነ አይወጣም። በተለይ ሕፃናት ጥቂት በጥቂት፣ ከውኃና ከሌላ ምግብ ጋር ቢመገቡት ይመረጣል።

ውኃ፣ ጾምና ቡና

ውኃ ለሚጎድለው ሰው መጨመሩ ይረዳል፤ በቂ ውኃ የሚጠጣ ሰው ግን ከልክ በላይ በመጠጣቱ ብቻ ድርቀቱ አይወገድለትም። ቀላሉ መለኪያ የሽንት ቀለም ነው። ሽንት ፈዛዛ ቢጫ ከሆነ ፈሳሹ በቂ ነው፤ ደማቅ ቢጫ ሆኖ ከተገኘ ሰውነት ውኃ ጎድሎበታል። በቆላማ አካባቢ የሚኖሩ፣ በፀሐይ የሚሠሩና የሚያጠቡ እናቶች ከሌላው የበለጠ ያስፈልጋቸዋል። የልብ ወይም የኩላሊት ሕመም ያለባቸው ሰዎች ግን የሚጠጡትን መጠን ሐኪማቸው በነገራቸው ልክ መወሰን አለባቸው።

የጾም ወቅት ሁለት ገጽታ አለው። በኦርቶዶክስ ተዋሕዶ ሥርዓት የሚበላው የጾም ምግብ በጥራጥሬና በአትክልት የተሞላ በመሆኑ ለአንጀት ተስማሚ ነው። ነገር ግን እህል ውኃ ሳይቀምሱ ረጅም ሰዓት መቆየት የፈሳሽ እጥረት ያመጣል። በረመዳን ጾምም እንዲሁ ነው። የሚጾሙ ሰዎች ጾሙ ከተፈታበት ሰዓት ጀምሮ እስከ መኝታ ድረስ ውኃን በአንድ ጊዜ ሳይሆን እየከፋፈሉ ቢጠጡ፣ በጥራጥሬና በአትክልት የተሠራ ሾርባ ቢያስቀድሙ፣ ማታ ከምግብ በኋላም ጥቂት ቢራመዱ ይጠቅማቸዋል።

ቡና በአንዳንድ ሰዎች ላይ የአንጀትን እንቅስቃሴ ያነቃቃል። የጠዋት ቡና ሆድን የሚጠራላቸው ሰዎች ይህን ለጥቅማቸው ሊያውሉት ይችላሉ። ይሁንና ቡና የውኃ ምትክ አይሆንም።

የመጸዳጃ ልማድና የአካል እንቅስቃሴ

ከምግብ እኩል የሚጠቅመው፣ ግን ብዙም ትኩረት የማይሰጠው የመጸዳዳት ልማድ ነው። በየቀኑ በተመሳሳይ ሰዓት፣ በተለይ ቁርስ ከተበላ በኋላ ባለው ግማሽ ሰዓት ውስጥ መጸዳጃ ቤት መግባት አንጀትን ሥርዓት ያስለምደዋል። ከ5 እስከ 10 ደቂቃ መቆየት ይበቃል። ካልመጣ ተነሥቶ መሄድና ፍላጎቱ ሲመጣ መመለስ እንጂ ለረጅም ጊዜ ተቀምጦ ማማጥ አይገባም። ስልክ ይዞ መግባት ሳያስቡት ብዙ ደቂቃ ስለሚያስቀምጥ ለኪንታሮት ያጋልጣል።

የአቀማመጥ ሁኔታም ለውጥ ያመጣል። በአንጀት መጨረሻ ዙሪያ ያለ አንድ ጡንቻ መውጫውን እንደ ቀለበት ጎትቶ አጉብጦ ይይዘዋል፤ ዓይነ ምድር ሳያስቡት እንዳያመልጥ የሚከላከለውም ይኸው ነው። ሰው ቁጢጥ ሲል ጡንቻው ይላላል፤ መንገዱም ይቃናል። በገጠርና በብዙ ከተሞች ያለው የቁጢጥታ መጸዳጃ በዚህ ረገድ ተስማሚ ነው። በመቀመጫ መጸዳጃ የሚጠቀሙ ሰዎች ደግሞ ከእግራቸው በታች አጭር ዱካ አድርገው ጉልበታቸውን ከዳሌያቸው ከፍ ቢያደርጉና ጥቂት ወደ ፊት ቢያዘነብሉ ተመሳሳይ ጥቅም ያገኛሉ።

እንቅስቃሴም አንጀትን ያነቃቃል። በየቀኑ ለግማሽ ሰዓት ያህል ፈጠን ብሎ መራመድ በቢሮ ተቀምጠው ለሚውሉ ሰዎች ተመጣጣኝ መፍትሔ ነው። አልጋ ላይ ለዋሉ ሕሙማን ደግሞ ከሆድ ታችኛው ቀኝ ጎን ጀምሮ ወደ ላይ፣ ከዚያም በእምብርት በላይ ወደ ግራ፣ በመጨረሻም ወደ ታች በመዳፍ ቀስ ብሎ ማሸት የትልቁን አንጀት አቅጣጫ የሚከተል በመሆኑ ይረዳል። ሆዱ ያበጠ ወይም የሚያመው ሰው ግን መታሸት የለበትም።

የባህል መድኃኒቶችና ጥንቃቄያቸው

«የተፈጥሮ» መባል ጉዳት የለሽ መሆን ማለት አይደለም። ኮሶ ሆድን በኃይል የሚያጥብ በመሆኑ አንዳንድ ሰዎች ለድርቀት ይወስዱታል። ኮሶ ግን የሚታወቀው ለትል እንጂ ለድርቀት አይደለም። ከመጠን ሲያልፍ ብርቱ ማስቀመጥና ማስመለስ ያስከትላል፤ በዓይን ላይ የደረሰ ጉዳትም ተመዝግቧል። ለነፍሰ ጡርና ለሕፃን ደግሞ ፈጽሞ የተከለከለ ነው።

በገበያ የሚሸጠው ሰናመኪ በእርግጥ አንጀትን ያንቀሳቅሳል። በዘመናዊ ሕክምናም ከዚሁ ተክል የተሠራ መድኃኒት አለ። ከተወሰደ ከ6 እስከ 12 ሰዓት ባለው ጊዜ ውስጥ ይሠራል። ነገር ግን በቅጠል መልክ የሚሸጠው መጠኑ ስለማይታወቅ የሆድ ቁርጠትና የማዕድናት መዛባት ሊያስከትል ይችላል። ለጥቂት ቀናት ካልሆነ በቀር ያለ ሐኪም ምክር ሊዘወተር አይገባም። የእሬት መራራ ፈሳሽም ተመሳሳይ ጠባይ አለው። የአሜሪካ የምግብና የመድኃኒት ቁጥጥር መሥሪያ ቤት በ2002 እ.ኤ.አ. እሬት የገባባቸው የማስቀመጫ መድኃኒቶች ያለ ሐኪም ትዕዛዝ እንዳይሸጡ ያደረገው የደኅንነት ማረጋገጫ ባለመቅረቡ ነው። የጉሎ ዘይት ደግሞ የማሕፀን ምጥን ሊቀሰቅስ ስለሚችል ለነፍሰ ጡር አይሰጥም።

በቤት ውስጥ በሳሙና ውኃ በፊንጢጣ በኩል ማጠብም አደገኛ ነው። ሳሙናው የአንጀትን ሽፋን ያቆስላል፤ ስለዚህ በዚህ መንገድ የሚሰጥ ሕክምና በባለሙያ ሊሆን ይገባል።

ነፍሰ ጡሮች፣ ሕፃናትና አረጋውያን

በእርግዝና ጊዜ የሚጨምረው ፕሮጄስትሮን የተባለ ሆርሞን አንጀትን ያዘገያል፤ በኋለኞቹ ወራት ደግሞ ማሕፀኑ አንጀትን ይጫናል። በቅድመ ወሊድ ክትትል የሚሰጠው የብረት እንክብልም ድርቀቱን ያባብሳል፤ ዓይነ ምድርንም ያጠቁራል። ብዙ እናቶች በዚህ ምክንያት እንክብሉን ያቋርጣሉ። ይህ ግን ለእናትም ለጽንስም አስጊ ለሆነው የደም ማነስ ያጋልጣል። የሚበጀው እንክብሉን ሳያቋርጡ አሰርና ውኃ መጨመር፣ ካልተሻለም ለነፍሰ ጡር የሚስማማ ማለስለሻ እንዲታዘዝ የጤና ባለሙያን መጠየቅ ነው።

ጡት ብቻ የሚጠባ ሕፃን ለበርካታ ቀናት ሳያስወጣ ሊቆይ ይችላል። ዓይነ ምድሩ ለስላሳ እስከሆነ፣ ሕፃኑ በደንብ እስከጠባና ክብደቱ እስከጨመረ ድረስ ይህ ድርቀት አይደለም። ለአራስ ሕፃን ሆዱን ለማለስለስ ተብሎ ቅቤ ማላስ፣ ውኃ መስጠት ወይም ቅጠል ማጠጣት ጎጂ ነው፤ እስከ 6 ወር የሚያስፈልገው የእናት ጡት ብቻ ነው። ማር ደግሞ ቦቱሊዝም የተባለውን የነርቭ መመረዝ ሊያመጣ ስለሚችል 1 ዓመት ላልሞላው ሕፃን አይሰጥም። የተወለደ ሕፃን የመጀመሪያውን ጥቁር ዓይነ ምድር በ48 ሰዓት ውስጥ ካላስወጣ በተፈጥሮ የአንጀት ነርቭ ጎድሎት ሊሆን ስለሚችል በአስቸኳይ ሊመረመር ይገባል።

ከፍ ያሉ ልጆች ብዙውን ጊዜ የሚደርቁት አንድ ጊዜ ስለሚያማቸውና ሕመሙን ፈርተው ስለሚይዙት ነው። እግራቸውን አጣብቀው የሚቆሙ፣ ጥግ ይዘው የሚደበቁ ልጆች እያማጡ ሳይሆን እየያዙ ሊሆን ይችላል። ልብሱን የሚያበላሽ ልጅም ሰነፍ ወይም ባለጌ አይደለም፤ በደረቀው ክምችት ዙሪያ የሚፈስሰውን መቆጣጠር አቅቶት ነው። ስለዚህ ቁጣና ግርፊያ ችግሩን ያባብሳሉ። ከምግብ በኋላ በርጋታ ማስቀመጥና ማበረታታት፣ አስፈላጊ ከሆነም ለወራት የሚቀጥል ሕክምና ያድነዋል።

በአረጋውያን ላይ ደግሞ የጥርስ አለመኖር፣ የመድኃኒት መብዛትና የእንቅስቃሴ ማነስ ይደራረባሉ። ለቀናት ሳይጸዳዱ ቆይተው በድንገት ውኃ መሰል ነገር ማፍሰስ ከጀመሩ፣ ተቅማጥ መስሎ የታየው በጠጣር ክምችት ዙሪያ የሚያልፍ ፈሳሽ ሊሆን ይችላል። በዚህ ጊዜ የተቅማጥ ማቆሚያ መስጠት ችግሩን ያከፋዋል።

የምግብና የልማድ ለውጥ ካልበቃ

ከላይ የተጠቀሱት ለውጦች ከጥቂት ሳምንታት በኋላም ውጤት ካላሳዩ መድኃኒት መጠቀም ነውር የለበትም። ላክቱሎስና ማክሮጎል የተባሉት ውኃን በአንጀት ውስጥ በመያዝ ያለሰልሳሉ፤ ውጤታቸው ከ1 እስከ 3 ቀን ሊወስድ ይችላል። ቢሳኮዲል አንጀትን የሚያነቃቃ ሲሆን በአብዛኛው ማታ ተወስዶ ጠዋት ይሠራል። የትኛው እንደሚስማማና ለምን ያህል ጊዜ እንደሚወሰድ ግን ፋርማሲስቱ ወይም ሐኪሙ ሊወስን ይገባል። አሰር በጨመሩ ቁጥር ሆዳቸው የሚነፋና ድርቀታቸው የሚብስ ሰዎችም የአንጀት መዘግየት ወይም የጡንቻ አለመታዘዝ ሊኖርባቸው ስለሚችል ይህንኑ ለሐኪም ቢናገሩ ትክክለኛውን ሕክምና ያገኛሉ።

ሥር የሰደደ ድርቀት ችላ ሲባል ኪንታሮት፣ የፊንጢጣ መሰንጠቅ፣ የአንጀት ጫፍ ወደ ውጭ መውጣትና የዓይነ ምድር መቆለፍ ያስከትላል። በልጆች ላይም የሽንት መታገድና የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን ሊያመጣ ይችላል።

ለነገ የማይባሉ ምልክቶች

ከሁሉም በላይ ሊታወቅ የሚገባው በድርቀትና በአንጀት መዘጋት መካከል ያለው ልዩነት ነው። ትልቁ አንጀት ወደ መጨረሻው አካባቢ ሲረዝምና ሲላላ በራሱ ላይ ሊጠመዘዝ ይችላል። በተለምዶ «የአንጀት መታጠፍ» የሚባለው ይህ ሕመም በአገራችን ሆስፒታሎች በአዋቂዎች ላይ ከሚታዩ የአንጀት መዘጋት ዋና ዋና ምክንያቶች አንዱ ሲሆን፣ በአብዛኛው ወንዶችን ያጠቃል። በድንገት ብርቱ ቁርጠት ይጀምራል፤ ሆድ እንደ ከበሮ ይነፋል፤ ዓይነ ምድር ብቻ ሳይሆን አየርም መውጣት ያቆማል፤ ቆይቶም ማስመለስ ይከተላል።

በዚህ ጊዜ ተልባ፣ ሰናመኪ፣ ኮሶ ወይም ማንኛውንም የሚያስቀምጥ መድኃኒት መስጠት በተዘጋ መንገድ ላይ ግፊት መጨመር ነው። ሕመምተኛው በጊዜ ሆስፒታል ከደረሰ ሐኪሞች በቱቦ አየሩን አስወጥተው አንጀቱን ሊያስተነፍሱና የቀረውን ሕክምና በዝግጅት ሊያደርጉ ይችላሉ። ከዘገየ ግን የተጠመዘዘው አንጀት ደም አጥቶ ይሞታል፤ በቀዶ ሕክምና ተቆርጦ መውጣት ይኖርበታል፤ ሕይወትም ሊያልፍ ይችላል። «እስከ ነገ ይሻለው ይሆናል» ተብሎ የሚታለፍ ሕመም አይደለም።

ከዚህ ሌላ የሚከተሉት ምልክቶች ቀጠሮ ሳያራዝሙ ሐኪም ዘንድ የሚያስኬዱ ናቸው፦

• በዓይነ ምድር ላይ ደም መታየት ወይም ዓይነ ምድሩ እንደ ሬንጅ መጥቆር፤
• ያለ ምክንያት ክብደት መቀነስ ወይም የደም ማነስ፤
• ዕድሜው ከ50 ዓመት ባለፈ ሰው ላይ የለመደው ሥርዓት በድንገት መለወጥ፤
• በቤተሰብ ውስጥ የትልቁ አንጀት ካንሰር ታሪክ መኖር፤
• የማይለቅ የሆድ ሕመም፣ ትኩሳት ወይም ተደጋጋሚ ማስመለስ፤
• ከድርቀቱ ጋር የእግር መስነፍ ወይም ሽንትን መቆጣጠር አለመቻል።

ደም ሲታይ «ኪንታሮት ነው» ብሎ መተው የተለመደ ስሕተት ነው። አብዛኛውን ጊዜ ኪንታሮት ሊሆን ቢችልም፣ የአንጀት ካንሰርም በዚያው መልክ ይጀምራል፤ ሁለቱን የሚለየው ምርመራ ብቻ ነው። ቀደም ብሎ የተገኘ የአንጀት ካንሰር የመዳን ዕድሉ ሰፊ ነው።

በአጠቃላይ አብዛኛው የሆድ ድርቀት ከማዕድ በሚገኝ አሰር፣ በበቂ ውኃ፣ በእንቅስቃሴና የአንጀትን ጥሪ በሰዓቱ በማክበር ይቃለላል። በዚህ ያልተቃለለውን ወይም ከላይ ከተዘረዘሩት ምልክቶች አንዱ የታየበትን ደግሞ ሳያፍሩ ለጤና ባለሙያ ማሳየት ይገባል። በቤትዎ ያሉ አረጋውያን፣ ነፍሰ ጡሮችና ልጆች ይህን ችግር አፍረው ሊደብቁት ስለሚችሉ አስቀድመው ይጠይቋቸው።